ኸታ፦ የአርካዊት ጎረቤታሞች ዕቁብ እንዴት ይሠራል?

ከ2023 እ.ኤ.አ. ጦርነት በፊት ያለ አንድ ዓርብ ከሰዓት ነው። ካርቱም ውስጥ ዓርብ የሳምንቱ ዕረፍት በመሆኑ ቤት በማጽዳት፣ ልጅ በመያዝ፣ ሻይ በመሸጥ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችን እጃቸው የሚፈታው ያን ቀን ነው። በከተማዋ ደቡብ በምትገኘው አርካዊት፣ ከአንድ ግቢ ጥላ ሥር ከሰል ተያይዞ ቡና ይቆላል። ሱዳናውያት ጎረቤቶችም ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ጀበናውን እነሱም ጀበና ነው የሚሉት፤ ዝንጅብል ካልገባበት ግን ቡና ቡና አይላቸውም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ አንድ የተማሪ ደብተር ብቅ ይላል። ከየቦርሳው፣ ከየመቀነቱ፣ ቶብ ከሚሉት የሱዳናውያቱ መጠቅለያ ልብስ ጫፍ ቋጠሮ ደግሞ የታጠፈ ገንዘብ ይወጣል።

የኛዎቹ «ዕቁቤን ልጣል» ይላሉ። ሱዳናውያቱ «ኸታ» ይሉታል፤ ሰንዱቅ የሚሉትም አሉ፣ ሣጥን ማለት ነው። ኸታ የመጣው በሱዳን ዐረብኛ «ማስቀመጥ፣ ጣል ማድረግ» ከሚለው ግሥ ነው። ስለዚህ «ዕቁብ ጣልሽ ወይ?» እና «ኸታሽን ኸተሽ ወይ?» ሁለቱም የሚጠይቁት ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ዕቁብ የሚለው ቃል ራሱ ግን ከግዕዙ «ዐቀበ» የወጣ ነው፤ የተጠበቀ ማለት። ሱዳኖቹ ስሙን የሰጡት ለመጣሉ ነው፣ እኛ ለመጠበቁ። በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አንዱን ደብተር ሲፈርሙ ሁለቱ ቃላት ይገናኛሉ።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። አሥር ሴቶች የጣሉትን ያንኑ ገንዘብ አሥር ሴቶች ይወስዱታል። ባንክ የለም፤ ወለድ የከፈለ፣ ሳንቲም የጨመረ ማንም የለም። ታዲያ ትርፉ ከየት መጥቶ ነው ሁሉም «ጠቀመኝ» የሚለው?

ለስሌታችን እንዲመች እያንዳንዷ በወር 10,000 የሱዳን ፓውንድ፣ በአገሩ አጠራር ጅኔህ፣ ትጣል እንበል። የአሥሩ ድምር 100,000 ይሆናል፤ በየወሩ አንዷ ጠቅልላ ትወስዳለች፤ በአሥር ወር ዙሩ ይዘጋል። አሥሩም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ዕቃ ነው እንበል፤ 100,000 የሚያወጣ ትንሽ ማቀዝቀዣ። ካርቱም በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስትሞቅ ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ልጅ ያላት ሴት ወተቱ ከማታ እስከ ጧት እንዳይበላሽባት የምትመኘው ነው። እስከዚያው ውኃው በዚር ይቀዘቅዛል። ዚር ላቡን እያተነነ ውኃ የሚያቀዘቅዝ የሸክላ እንስራ ነው፤ ወተት ግን አያድንም።

እያንዳንዷ ለብቻዋ ብታጠራቅም አሥሩም ማቀዝቀዣ የሚገዙት በአሥረኛው ወር፣ በአንድ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ በአሥሩም ቤት ገንዘብ በትራስ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። በኸታው ግን አንዷ በመጀመሪያው ወር ገዛች፤ ሌላዋ በሁለተኛው፤ እንዲህ እያለ አሥረኛዋ በአሥረኛው። የመጠበቂያውን ወራት ደምሩት። ለየብቻ ሲሆን አሥር ሴቶች እያንዳንዳቸው አሥር ወር፣ በድምሩ 100 ወር ይጠብቃሉ። በኸታው 1 እና 2 እና 3 እያለ እስከ 10 ሲደመር 55 ብቻ ነው። የቀረው 45 ወር ከየት መጣ? በትራስ ሥር ይተኛ ከነበረው ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ አሁን አይተኛም፤ ዛሬ ከቋጠሮ ወጥቶ ዛሬውኑ ዕቃ ይሆናል። የኸታ ትርፍ 45 ወር ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ማንም ከኪሱ ሳያወጣው።

እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ ሴት የምትጎዳ ይመስለኝ ነበር። ልብ ብላችሁ እዩት፤ የመጨረሻዋም ብቻዋን ብታጠራቅም በአሥረኛው ወር ነበር የምትገዛው። በኸታውም የምትገዛው በዚያው በአሥረኛው ወር ነው። ምንም አልቀረባትም። ከእሷ በፊት ያሉት ዘጠኙ ደግሞ ቀድመው አገኙ። ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮት እና ግሌን ላውሪ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ባወጡት ጥናት ይህንኑ በሒሳብ ቋንቋ አሳይተዋል፤ ተከፋፍሎ የማይገዛ ዕቃ ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለው ማኅበር ከመጨረሻው ሰው በቀር ሁሉንም ያስቀድማል። ግማሽ ማቀዝቀዣ አይሸጥምና ነው ነገሩ። ስኳርማ ዱካን ከሚሉት የሠፈር ሱቅ ሩጥል በሚሉት ሚዛን ይገዛል፣ ማሽላ መልዋ በሚሉት መስፈሪያ ይሰፈራል፤ ለእሱ ኸታ አያስፈልግም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ዋጋ ባለበት ሲቆም ነው። ሱዳን ውስጥ ዋጋ አልቆመም።

ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ደቡብ ሱዳን ስትለይ ሱዳን ከነዳጅ ዘይቷ ሦስት አራተኛውን ስታጣ፣ ጅኔህ መንሸራተት ጀመረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 ጅኔህ ሲወጣ አትባራ ላይ ዲሴምበር 19 ቀን የተነሣው ተቃውሞ የኦማር አል በሽርን መንግሥት እስከመጣል ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ መንግሥት የዶላርን ይፋዊ ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ጅኔህ አወጣው። ያን ዓመት በጁላይ የዋጋ ንረቱ በዓመት 422.78 በመቶ ተመዘገበ። በቀላል ቋንቋ፣ ባለፈው ዓመት በ100 የገዛችሁት ዘንድሮ ወደ 523 ገባ ማለት ነው። በወር ሲታሰብ በአማካይ ወደ 15 በመቶ ግድም።

አዲስ የገባ ሰውን ይበልጥ የሚያደናግር ሌላ ነገርም አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. አሥር ፓውንድ በአንድ ዲናር ተተካ፤ በ2007 ደግሞ መቶ ዲናር በአንድ አዲስ ፓውንድ ተተካ። ስለዚህ አንዱ አዲስ ፓውንድ ከድሮው አንድ ሺህ ማለት ነው፤ ሕዝቡም በአፉ አንዱን ጅኔህ «አልፍ»፣ ሺህ፣ ማለቱን አልተወም። አንድ ሺው ጅኔህ ደግሞ «ሚልዮን» ነው። እንግዲህ ከመተማ በኩል ተሻግራ ሳምንት ያልሞላት ልጅ «የኸታው መጠን አሥር ሚልዮን ነው» ሲሏት የምትደነግጠውን አስቡት። አሥር ሺህ ማለታቸው ነው።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። በዚያ የ2021 ዋጋ፣ በመጀመሪያው ወር የአሥሩ ሴቶች ድምር አሥር ጆንያ ማሽላ ይገዛል እንበል። አንዱ ጆንያ 10,000 ገባ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት አሥር ጆንያ ወሰደች። ከዘጠኝ ወር በኋላ የመጨረሻዋ ተራ ደረሰ፤ ያው 100,000 ተቆጥሮ እጇ ገባ። የሚገዛላት ግን ሦስት ጆንያ አይሞላም፤ 2.9 ነው። እያንዳንዳቸው ያዋጡት ስንት ነበር? የመጀመሪያው ወር መዋጮ አንድ ጆንያ ያህል ነበር፣ የሁለተኛው 0.87፣ እንዲህ እየወረደ የመጨረሻው 0.29፤ ሲደመር ወደ 5.8 ጆንያ ይሆናል። ሁሉም 5.8 አዋጡ። የመጀመሪያዋ 10 ወሰደች፣ የመጨረሻዋ 2.9። ከደብተሩ ላይ ሁሉም እኩል ነው፤ ከጓዳ ግን እኩል አይደለም።

የመጨረሻዋን የበላት ግን ጓደኛዋ አይደለችም። ብቻዋን በትራስ ሥር ብታስቀምጠውም በአሥረኛው ወር 100,000ው 2.9 ጆንያ ነበር የሚገዛላት። ጥፋቱ የዋጋው ነው። በእርግጥ በየወሩ ማሽላውን እየገዛች ብታከማች 5.8 ይኖራት ነበር፤ ነቀዙንና ማስቀመጫ ቦታ ማጣቱን ረስተን። ይህን ሴቶቹ በወረቀት ሳያሰሉ ያውቁታል፤ ደብተሩን የለወጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ለውጥ ዙሩን ማሳጠር ነው። በዚያው የዋጋ ንረት፣ አሥር ሴቶች በወር መጣሉን ትተው በሳምንት ቢጥሉ፣ የመጀመሪያዋ የምትወስደው አሥር ጆንያ ሲገዛ የመጨረሻዋ የምትወስደው 7.5 ይገዛል። በየቀኑ ቢጥሉ 9.6። በወሩ ዙር ከሦስት በታች የነበረው በቀን ዙር አሥር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዋጋ ሲሮጥ ደብተሩም መሮጥ አለበት።

እዚህ ላይ ግን በጣም የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። በቀን መጣል የምትችለው በቀን የምታገኝ ሴት ናት። «ሲት አሽ-ሻይ» የሚሏት፣ ከዛፍ ሥር ትንንሽ ወንበር ደርድራ ሻይና ቡና የምትሸጠው ሴት፣ ማታ ማታ ሳንቲም ይዛ ትገባለች፤ የቀን ኸታ ለእሷ የተሠራ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ደመወዟን የምታገኘው በወር አንዴ ነው፤ የወር ኸታ ውስጥ ትገባለች፤ የዋጋውን ጅራፍ ሙሉ በሙሉ ትቀምሳለች። ሁለቱም እኩል ይደክማሉ፤ የመቆጠቢያ መንገዳቸውን የሚወስነው ግን ብልሃታቸው ሳይሆን አሠሪ የሚከፍልበት ቀን ነው። ይህን የሚያነብ አሠሪ ካለ፣ በሳምንት መክፈል በደመወዙ ላይ ምንም ሳይጨምር ለሠራተኛዋ ብዙ ያድንላታል።

ሌላው መንገድ ዙሩን በዕቃ ማሰብ ነው። መጠኑ «አንድ የድስት ስብስብ» ወይም «አንድ የጋዝ ሲሊንደር» ተብሎ ይጻፋል፤ መዋጮው ከዕቃው ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ያኔ የመጨረሻዋም የምታገኘው ድስት ነው፤ ጣጣው በየወሩ ዋጋ መጠየቅና አዲሱን መዋጮ መካፈል ነው፤ አቅም ያነሳት ልትወድቅ ትችላለች። አቅሙ ያላቸው ወርቅ ይገዛሉ። ሌላ ደግሞ ያለ ምንም ሒሳብ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ ዙሩ ሲዘጋ ቀጣዩን ከመጨረሻዋ መጀመር። የመጨረሻዋ በአሥረኛው ወርና በአሥራ አንደኛው ወር ተከታትላ ትወስዳለች፤ የመጀመሪያዋ እስከ ሃያኛው ትጠብቃለች። የተጎዳው ይካሳል። ሁለተኛ ዙር እንደሚኖር ሁሉም ካመኑ፣ እርግጥ ነው።

ማመን ካልን፣ ከማቀዝቀዣው ይልቅ ሰውን የሚያስገርመው ይህ ነው። የመጀመሪያዋ 100,000 ወስዳለች፤ የጣለችው 10,000 ብቻ። ነገ ጧት በአውቶቡስ ወደ ገዳሪፍ ብትሄድ ማን ይይዛታል? ፍርድ ቤት የለም፤ አብዛኞቹ የመኖሪያ ወረቀታቸው ያላለቀ ነው፤ ፖሊስ ጋ የሚሄድ ሰው ከከሳሽነት ተከሳሽነቱ ይቀርበዋል። ግን ዕቁቡ ይሠራል።

አገር ቤት ባለው ዕቁብ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ነው የሚወስደው። አርካዊት ግቢ ውስጥ ዕጣ ብዙ ጊዜ አይጣልም፤ ተራው በወሬ ይወሰናል። የኪራይ ቀኗ የደረሰ፣ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈልባት፣ አገር ቤት እናቷ የታመሙባት ትቀድማለች። ደብተሩን የያዘችው እትዬ መጀመሪያውን ብትወስድ ማንም አይከፋውም፤ የቀረውን ዘጠኝ ወር የሚሰበስበው የእሷ እግር ነውና። አዲስ የመጣች ልጅ ደግሞ መጨረሻ ትደረጋለች። ላይ ላዩን ቅጣት ይመስላል። ሲታሰብ ግን መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ሊከዳ አይችልም፤ እስከ ተራው ድረስ አበዳሪ እንጂ ተበዳሪ አይደለም። ዘጠኝ ወር ጥላ በአሥረኛው የወሰደች ልጅ በሚቀጥለው ዙር አምስተኛ ልሁን ብትል ማንም አይከለክላትም፤ ዋሷ ያለፈው ደብተር ነው።

ሌላው ዋስ ዱካኑ ነው። አርካዊት ሙረበዕ በሚሏቸው፣ በቁጥር በተለዩ ብሎኮች የተከፈለች ሰፈር ናት፤ እያንዳንዱ ጥግ የራሱ ትንሽ ሱቅ አለው፤ እያንዳንዱ ሱቅ የጀሩራ ደብተር አለው። ጀሩራ የኛው ዱቤ ነው። ባለ ሱቁ ስኳር በሩጥል፣ ዘይት በትንሽ ላስቲክ፣ ዳቦ በፍሬ ይሰጣል፤ ይጽፋል፤ በወር መጨረሻ ይሰርዛል። ማን በቀኑ እንደሚከፍል፣ ማን ሁለት ወር እንደምታንከባልል፣ ማን ሰሞኑን ከሥራ እንደወጣች የሚያውቅ እሱ ነው። አዲስ ሰው ወደ ኸታ ለመግባት ስትጠይቅ ከቡና በኋላ አንዷ «ነገ ዳቦ ስገዛ ጠይቀዋለሁ» ትላለች። ብድር የሚያጣራ መሥሪያ ቤት ማለት ይኸው ነው። ኸታ የወሰደች ሴትም መጀመሪያ የምትሄደው ጀሩራዋን ለመዝጋት ነው፤ ሁለቱ ደብተሮች እርስ በርስ ይመጋገባሉ።

ቡናውም ለጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚፈላው። ገንዘቡን በእጅ ለእጅ መቀበል፣ ፊት ለፊት መቁጠር፣ ያልመጣችውን «ምን ነካት?» ብሎ መጠየቅ የቁጥጥሩ አካል ነው። አንዷ ሁለት ዓርብ ከቀረች ሦስተኛው ላይ ሁለት ሰዎች ቤቷ ይሄዳሉ፤ ታማ ከሆነ ሾርባ ይዘው፣ ሌላ ከሆነም ያው ሾርባውን ይዘው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሕመም ነው። ያኔ መዋጮዋን ሌላዋ ትሸፍንላታለች፤ በደብተሩ ጠርዝ በትንሹ ይጻፋል።

ከሁሉም በላይ ግን ኸታ የሚጠብቀው ከሌባ ይልቅ ከዘመድ ነው። ይህን ስል ዘመድ ጠልቼ አይደለም። ደመወዝ የተቀበለች ልጅ ስልኳ ይጮኻል፤ ወንድም ለመንገድ፣ አክስት ለተዝካር፣ ጓደኛ ለኪራይ። አለኝ እያለች የለኝም ማለት አይሆንላትም፤ ውሸት ነው፤ ያስኮንናል። «ዕቁብ አለብኝ» ግን እውነት ነው። የሚጠይቀውም ሰው ይረዳዋል፤ እሱም ዕቁብ ያውቃልና አይቀየምም። ሲዋን አንደርሰንና ዣን-ማሪ ባላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ናይሮቢዋ ኪቤራ ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ባለው ማኅበር የሚበዙት ሴቶች መሆናቸውን አይተው፣ ባለትዳሮቹ ቁጠባቸውን ቤት ውስጥ ካለ ጠያቂ እጅ ለማራቅ ይገቡበታል ብለው ተከራክረዋል። አርካዊት ቡና ላይ የተቀመጠች ሴት ጥናቱን ሳታነብ ታስረዳችኋለች። ማጠራቀም ከባድ አይደለም፤ የተጠራቀመውን ሳይነኩ ማደር ነው የሚከብደው። ኸታ ገንዘቡን ከቤት ያስወጣዋል።

ኸታን ከዕድር ጋር የሚያምታታ አለ። ዕድር ለማይታወቅ ቀን ነው፤ ኸታ ለታወቀ ቀን። ሱዳኖችም ለማይታወቀው የራሳቸው አላቸው፤ ሰው ሲሞት የለቅሶው ድንኳን ይተከላል፣ «ከሽፍ» የሚሉት ዝርዝር ይዞራል፣ ስምና መጠን ይጻፋል። በሠርግም እንዲሁ። ዛሬ የጻፈልህን ነገ ትጽፍለታለህ። የኛ ሴቶች በጎረቤት ለቅሶ ከሽፍ ላይ ስማቸውን ሲያስጽፉ፣ በዚያው ቀን ከሰፈሩ ሰው ተቆጠሩ። በሰው አገር መቆጠር ራሱን የቻለ ሀብት ነው።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ቀን።

የዕቁብ ዙር ብዙ ጊዜ ከበዓል ጋር ይገጣጠማል፤ ለፋሲካ ዶሮና ቅቤ፣ ለኢድ የልጆች ልብስና ኩኪስ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ፤ ረመዳንም ሊፈታ ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ሁለቱም ወገን ገበያ ላይ ነበር። የሱዳኑ ጦርነት የጀመረው በዋዜማው፣ ቅዳም ሹር ሚያዝያ 7 ቀን፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ከጧቱ ነው። ዶሮዋን ገዝታ እግሩን ያሰረች ሴት ማታ ላይ አልጋ ሥር ተኝታ የመድፍ ድምፅ ትቆጥር ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሰዉ ተበተነ። የተሻለ ዕድል ያላቸው በገዳሪፍ አድርገው መተማ ደረሱ፤ ሌሎቹ ወደ መደኒ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፤ መሄድ ያልቻሉም እዚያው ቀሩ። ደብተሩም ከእቃው ጋር ቀረ።

ዙሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ሒሳቡ ምን ይሆናል? ይህን ብዙ ሰው «በቃ ጠፋ» ይለዋል። አልጠፋም። አሥር ሴቶች ስድስት ዙር ጥለው ቢሆን፣ ስድስቱ ወስደዋል፣ አራቱ አልወሰዱም። የወሰዱት እያንዳንዳቸው 10 መዋጮ ተቀብለው 6 ጥለዋል፤ የ4 ዕዳ አለባቸው። ስድስት ሴቶች ሲባዛ በአራት፣ 24 መዋጮ። ያልወሰዱት አራቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 6 ጥለዋል፤ አራት ሲባዛ በስድስት፣ ያው 24። የዕዳው ድምርና የሚገባው ድምር ልክ ለልክ ይገጥማሉ፤ በስንተኛውም ዙር ቢቋረጥ ይገጥማሉ። ኸታ ሲፈርስ የሚጠፋ ገንዘብ የለም፤ የሚጠፋው የሚገናኙበት ምንጣፍ ነው። እያንዳንዷ ባለዕዳ ላልወሰዱት አራት ሴቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መዋጮ ብትልክ፣ ቡና ሳይፈላም በስልክ ሊዘጋ ይችላል። የባንክ ሒሳብ ያላቸው ካርቱም ባንክ በሚያሠራው «በንከክ» በተባለው የስልክ መተግበሪያ፣ የሌላቸው በሐዋላ። መረቡ እስካለ ነው እንግዲህ፤ በፌብሩዋሪ 2024 መረቡ በአብዛኛው አገር ሲቋረጥ፣ ገንዘብ እያላቸው ዳቦ መግዛት ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ።

እዚያው የቀሩትስ? ካርቱም ውስጥ ሠፈር በሠፈር የተነሡት የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች፣ ወጣቶች በፈቃዳቸው የሚመሯቸው፣ «ተካያ» የሚሏቸውን የጋራ ማብሰያዎች ከፍተው ሕዝብ አበሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. የኖርዌዩ ራፍቶ ሽልማት ተሰጣቸው። ተካያ ከባዶ አልተፈጠረም፤ ከጀርባው የሱፊዎቹ የእንግዳ ማዕድ አለ፣ በጋራ ጉልበት የሚሠሩበት «ነፊር» አለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የካርቱም ጎርፍ ጊዜ በዚሁ በነፊር ስም የወጡት ወጣቶች አሉ፤ የየግቢው ኸታ ደብተርም አለ። ባቄላ ስንት መልዋ እንደሚበቃ፣ የማን ቤት ስንት ልጅ እንዳለ፣ የትኛዋ አሮጊት ልመና አፍራ እንደማትመጣ የምታውቀው ያን ደብተር ይዛ ቤት ለቤት ስትሄድ የነበረች ሴት ናት። ልዩነቱ ተካያ ተራ የለውም፤ ድስቱ ሲፈላ ሁሉም በአንድ ቀን ይወስዳል።

ከሱዳን ተመልሰው ዛሬ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ አዲስ ዕቁብ የጀመሩ እኅቶች ካሉ፣ ከዚያ ከቀረው ደብተር የምወስደው አንድ የሥራ ልማድ አለ። በየዙሩ ገጹ ተፈርሞ ሲያልቅ፣ ጀበናው ሳይነሣ፣ እያንዳንዷ በራሷ ስልክ ፎቶ ታንሣው። ስሙ፣ ዙሩ፣ የጣለችውና ያልጣለችው፣ በጠርዙ በትንሹ የተጻፈው የታማሚዋ መዋጮም ሳይቀር ይታይ። ያኔ ደብተሩ አሥር ቦታ ይኖራል፤ ሁለት ሴቶች ከዓመት በኋላ በየትኛውም አገር በስልክ ሲገናኙ አንዷ «ስንተኛው ላይ ነበርን?» ስትባል «ስድስተኛው ላይ፤ ያንቺ አራት ነው የቀረው» ብላ የምትመልስ አትጠፋም።